በነፍሳት ደረት ውስጥ ያለው መንሽ፦ የክንፋም ነፍሳት ውስጣዊ አጽም የታወቀበት ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ሁላችንም በልጅነታችን የተማርነው አንድ አጭር ትምህርት ነው። የሰው አጽም በሥጋው ውስጥ እንደሚገኝ፣ የነፍሳት አጽም ግን በውጭ እንደሆነ ተምረናል። ትምህርቱ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ግማሽ እውነት ነው። አንድን ንብ ወይም አንድን አንበጣ ከደረቱ ላይ ሰንጥቆ በማጉያ መነጽር የተመለከተ ሰው፣ ከውጭኛው ቅርፊት ወደ ውስጥ የዘለቁ ሹካዎችን፣ ግድግዳዎችንና ክንዶችን ያያል። የመብረሪያ ጡንቻዎችም የሚታሰሩትና የሚደገፉት በእነርሱ ጭምር ነው። እኔ የሳይንስ ታሪክ መምህር እንደመሆኔ፣ ይህ ውስጣዊ አጽም ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ለመታወቅ ለምን ያን ያህል ዘመን እንደ ፈጀ ልነግራችሁ እወዳለሁ። መልሴን አስቀድሜ ልግለጽ፦ ነገሩ የተሰወረው ዓይን ስለ ደከመ አይደለም፤ ጥያቄው ስላልተጠየቀ ነው። ኋላም ጥያቄው በተጠየቀ ጊዜ፣ አንዱን ገጽ የገለጠው ዘዴ ሁሉ ሌላውን ገጽ ይሸፍን ነበር። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ አካሉ ራሱ ጥቂት ልበል። የነፍሳት ደረት በሦስት ክፍሎች የተሠራ ነው። ክንፎች የሚበቅሉት በመካከለኛውና በኋለኛው ክፍል ላይ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል ከላይ የጀርባ ጠፍር፣ ከታች የሆድ ጠፍር፣ በግራና በቀኝ ደግሞ የጎን ግድግዳ አለው። በዚህ ሣጥን ውስጥ ሦስት ዓይነት ውስጣዊ መዋቅሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ከጀርባው ወደ ታች የሚወርድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ሊቃውንት በግሪክኛ ቃል ፍራግማ ይሉታል፤ ትርጉሙም አጥር ማለት ነው። ሁለተኛው ከሆዱ ጠፍር ወደ ላይ የሚነሣ፣ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ግንድ ነው፤ ይህንንም በላቲን ፉርካ ብለውታል። ፉርካ ገበሬ ጭድ የሚያነሣበት ባለ ሁለት ጣት መሣሪያ ነው፤ እኛ በአውድማችን መንሽ የምንለው መሆኑ ነው። ሦስተኛው ከጎን ግድግዳው ወደ ውስጥ የሚዘረጋ ክንድ ነው። ይህ ክንድ ከመንሹ ጣት ጋር ይገናኛል፤ ግንኙነቱም በአንዳንዶቹ ነፍሳት በአጭር ጡንቻ አማካይነት ነው፤ በሌሎቹ ደግሞ ሁለቱ ፈጽመው ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ።

እነዚህ መዋቅሮች አጥንት አይደሉም። ከውጭኛው ቅርፊት የተለየ ባሕርይም የላቸውም፤ ያው ቅርፊት ወደ ውስጥ ታጥፎ የሠራቸው ናቸው። የጓንትን ጣት ከውጭ ወደ ውስጥ ብንገፋው በጓንቱ ውስጥ ባዶ ቱቦ እንደሚፈጠር ያለ ነው። በሆዱ ጠፍር ላይ መንሹ የገባበትን ስፍራ የሚያመለክት ጉድጓድ ወይም መስመር ከውጭ ይታያል። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠውን ማስረጃ ነፍሳቱ ራሳቸው ይሰጡናል። ነፍሳት በእድገታቸው ጊዜ ቅርፊታቸውን ይጥላሉ፤ የተጣለውን ቅርፊት ከፍቶ ያየ ሰው ውስጣዊ እጥፋቶቹም አብረው ወልቀው፣ እንደ ስስ ክርና እንደ ስስ ጣት ተንጠልጥለው ያገኛቸዋል። ስለዚህ የነፍሳት ውስጣዊ አጽም በትውልዱ ቆዳ ነው፤ በሥራው ግን የአጥንትን አገልግሎት ይሰጣል። ይህ ሁለት ወገን ያለው ባሕርይ በታሪኩ ውስጥ ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

አሁን ወደ ጥንቱ እንመለስ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ384 እስከ 322 የኖረው አርስጣጣሊስ፣ ስለ እንስሳት በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ አራተኛ ክፍል ውስጥ ነፍሳትን ደም ከሌላቸው እንስሳት ወገን መድቧል። ስለ አካላቸውም ሲናገር፣ እንደ ሌሎች እንስሳት ተለይቶ የሚታይ አጥንትም ሥጋም እንደሌላቸው፣ ይልቁንም ሰውነታቸው በውስጥም በውጭም በአንድነት ጠንካራና በአጥንትና በሥጋ መካከል ያለ ነገር እንደሆነ ገልጿል። ያለ ማጉያ መነጽር ለተመለከተ ሰው ይህ አስተውሎት የሚደነቅ ነው። ነገር ግን አካሉ በሙሉ አንድ ወጥ ነገር ነው ከተባለ፣ ጡንቻው ከምን ጋር ታስሮ ምን ይስባል የሚለው ጥያቄ የሚነሣበት ስፍራ አይኖርም። ያ አመለካከትም ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ ቆየ።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማይክሮስኮፕ መጣ። ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ በ1669 ስለ ሐር ትል የጻፈው መጽሐፍ በሎንዶን ሮያል ሶሳይቲ አማካይነት ታተመ። ከ1637 እስከ 1680 የኖረው ኔዘርላንዳዊው ያን ስዋመርዳም ደግሞ የነፍሳትን ውስጣዊ ብልቶች እጅግ በረቀቁ መሣሪያዎች ከፋፍሎ ሣለ፤ ዋና ሥራው የታተመው ግን ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1737 እና በ1738 ነው። በ1760 ደግሞ በሄግ ከተማ የሕግ ባለሙያ የነበረው ፒየር ሊዮኔ፣ የአኻያን እንጨት ስለሚበላ አንድ አባጨጓሬ ብቻ የሚናገር ሙሉ መጽሐፍ አወጣ። የመዳብ ሥዕሎቹን በገዛ እጁ ቀረጸ፤ በዚያች አንዲት አባጨጓሬም ከ4,000 በላይ ጡንቻዎችን ቆጠረ። አንዳንድ አንባቢዎች ይህን ሁሉ አንድ ሰው ሊያይ አይችልም ብለው እስከ መጠራጠር ደርሰው ነበር።

የሊዮኔን ድካም የምጠቅሰው ዓይን እንዳልጎደለ ለማሳየት ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያለው ሰው አንድ መንሽ አያመልጠውም። ይሁን እንጂ የእርሱ እንስሳ ክንፍ አልነበራትም፤ በአባጨጓሬ አካል ጡንቻዎቹ በአብዛኛው በለስላሳው ቆዳ ላይ ይታሰራሉ። በዚያ ዘመን የነበረው ታላቅ ጥያቄም የነፍሳት ለውጥ ነበር፤ ትል እንዴት ቢራቢሮ ይሆናል የሚለው። የበረራ ማዕቀፍ ገና ራሱን የቻለ የምርምር ርዕስ አልሆነም ነበር።

ጥያቄው የተጠየቀው በፓሪስ ነው። ዣን ቪክቶር ኦዱዋን በ1797 ተወለደ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለ፣ በ1820፣ ስለ ነፍሳት ደረት ያደረገውን ጥናት ለሳይንስ አካዳሚ አቀረበ፤ ጥናቱም በ1824 ታተመ። የኦዱዋን ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነበር፦ የጥንዚዛ፣ የንብ፣ የዝንብና የቢራቢሮ ደረት በመልክ እጅግ ቢለያይም፣ የተሠራው ከተመሳሳይ ቁርጥራጮች ነው፤ አንዱ ቁራጭ ሲያድግ ጎረቤቱ ያንሳል እንጂ አዲስ ቁራጭ አይፈጠርም። ይህን ለማሳየት ለየቁራጩ ስም አወጣ። ወደ ውስጥ ለሚገቡት መዋቅሮችም የራሳቸውን ስም ሰጣቸው፤ ዛሬ በመላው ዓለም የምንጠቀምበት አፖዴም የሚለው ቃል፣ ማለትም ለጡንቻ ማሰሪያ የሚሆነው የቅርፊት እጥፋት መጠሪያ፣ ከእርሱ የመጣ ነው። ስም ማውጣት ቀላል ሥራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ስም ከመሰጠቱ በፊት የንብ መንሽ የንብ ብቻ፣ የጥንዚዛም መንሽ የጥንዚዛ ብቻ ነበር። ከስሙ በኋላ አንዱን ከሌላው ጋር ማነጻጸር ተቻለ።

ይህ ሥራ የተሠራው በታላቅ ጠብ መካከል መሆኑን መዘንጋት የለብንም። በዚያን ጊዜ በፓሪስ ሁለት ኃያላን ሊቃውንት ነበሩ። ዦርዥ ኩቪዬ በ1812 እንስሳትን ሁሉ እርስ በርስ በማይገናኙ አራት ታላላቅ ወገኖች ከፍሎ ነበር፤ በእርሱ አመለካከት ነፍሳትና ባለ አከርካሪ እንስሳት የጋራ ንድፍ የላቸውም። ኤትየን ዦፍሯ ሴንት ኢሌር ግን በተቃራኒው ለእንስሳት ሁሉ አንድ ንድፍ አለ ብሎ ያምን ነበር። በ1820 ገደማም ነፍሳት በገዛ አከርካሪያቸው ውስጥ ይኖራሉ፣ እኛ ግን ከአከርካሪያችን ውጭ እንኖራለን የሚል ደፋር ሐሳብ አቀረበ። ሁለቱ በ1830 በአካዳሚው ፊት በግልጽ ተከራከሩ፤ የዚያ ክርክር የቅርብ መነሻ በባሕር ስለሚኖሩ ለስላሳ እንስሳት የቀረበ አንድ ጽሑፍ ነበር።

የነፍሳት ውስጣዊ አጽም በዚህ ክርክር ውስጥ ቀላል ቦታ አልነበረውም። በደረት ውስጥ ያለው መንሽ እውነተኛ አጥንት ቢሆን ኖሮ የዦፍሯ ድልድይ ይጸና ነበር። የታጠፈ ቆዳ መሆኑ ሲታወቅ ግን ድልድዩ በዚያ ስፍራ ሊቆም አልቻለም። በሌላ ወገን፣ ዦፍሯ የአካል ክፍሎችን በቅርጻቸውና በሥራቸው ሳይሆን በአቀማመጣቸውና በግንኙነታቸው ማነጻጸር ይገባል ያለው ትምህርት ለኦዱዋን ሥራ መሠረት ሆኗል። በመደምደሚያው የተሳሳተ ሊቅ በዘዴው እንዴት እንደሚጠቅም የሚያሳይ ምሳሌ ነውና፣ ተማሪዎቼ በዚህ ስፍራ ቆም ብለው እንዲያስቡ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

በዚያው ዘመን ሌሎች ሁለት ሰዎች መጠቀስ ይገባቸዋል። ሻብሪዬ ከ1820 ጀምሮ ስለ ነፍሳት በረራ ተከታታይ ጥናቶችን አሳተመ። ስትራውስ ዱርክሃይም ደግሞ በ1828 በአንድ የጥንዚዛ ዝርያ ላይ ብቻ ያተኮረ፣ በሥዕሎቹ ጥራት እስከ ዛሬ የሚደነቅ ሥራ አወጣ። ይሁን እንጂ የአጽሙን ቅርጽ የሚያጠኑ ሰዎች ሁሉ አንድ ችግር ይገጥማቸው ነበር። ቅርፊቱን በንጽሕና ለማየት የሚያስችለው የተለመደ ዘዴ፣ እንስሳውን በፖታሽ ውስጥ ዘፍዝፎ ወይም ቀቅሎ ሥጋውን ማሟሟት ነው። ያን ጊዜ መንሹና አጥሩ ጠርተው ይታያሉ፤ ጡንቻው ግን ይጠፋል። ጡንቻውን ሳይነካ ያቆየ ሰው ደግሞ አጽሙ በጡንቻው ተሸፍኖ ይቀርበታል። በሁለቱም መንገድ የሚጠናው እንስሳ የሞተ ነው።

ሕይወት ያለውን በረራ ለመመዝገብ የተነሣው ሌላው ፈረንሳዊ ኤትየን ዡል ማሬ ነበር። በ1860ዎቹ መጨረሻ የነፍሳት የክንፍ ጫፍ በጥላሸት የተቀባ የሚሽከረከር ወረቀትን እንዲነካ አደረገ፤ በወረቀቱ ላይ የቀሩትን ጭረቶችም ቆጠረ። ለቤት ዝንብ በሴኮንድ 330፣ ለንብ 190፣ ለአንድ የቢራቢሮ ዝርያ 9 ያህል ምት አገኘ። የቁጥሮቹ ልዩነት አዲስ ጥያቄ ወለደ፦ በሴኮንድ ከመቶ ጊዜ በላይ የሚኮማተርና የሚላላ ጡንቻ እንዴት ሊኖር ይችላል? የሚታሰርበትስ ማዕቀፍ ምን ዓይነት ቢሆን ነው ያን ሁሉ የሚችለው?

ወደ መልሱ የሚወስደውን መንገድ ያጸዳው አሜሪካዊው ሮበርት ስኖድግራስ ነው። በ1909 ስለ ነፍሳት ደረትና ስለ ክንፍ መገጣጠሚያ፣ በ1910 ስለ ማር ንብ አካል፣ በ1935 ደግሞ ስለ ነፍሳት አካል አጠቃላይ መርሆዎች የጻፋቸው ሥራዎች እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ስኖድግራስ አጽምንና ጡንቻን ለያይቶ ማየትን ተወ፤ እያንዳንዱን እጥፋት ከሚስበው ጡንቻ ጋር አያይዞ ሣለው። ከእርሱና እርሱን ከተከተሉት የተማርነውን እንዲህ ማጠቃለል ይቻላል።

የወፍ ክንፍ በውስጡ አጥንትና ጡንቻ አለው። የነፍሳት ክንፍ ግን ከሥሩ ወዲያ አንድም ጡንቻ የለውም፤ የሚንቀሳቀሰው ሙሉ በሙሉ ከደረቱ ነው። ክንፉ በጎን ግድግዳው ጫፍ ላይ እንደ ታንኳ መቅዘፊያ ተደግፏል። ከፊተኛው አጥር እስከ ኋለኛው አጥር በቁመት የተዘረጋው ጡንቻ ሲኮማተር ጀርባው ወደ ላይ ይለመጣል፤ ክንፎቹም ወደ ታች ይመታሉ። ከጀርባ ወደ ሆድ የወረደው ጡንቻ ሲኮማተር ደግሞ ጀርባው ወደ ታች ይሳባል፤ ክንፎቹም ይነሣሉ። እነዚህ ሁለት ጡንቻዎች ክንፉን አይነኩትም፤ ቤቱን በማወዛወዝ መስኮቱን ይከፍቱታል ይዘጉታልም እንደ ማለት ነው። ታዲያ ቤቱ በእያንዳንዱ ምት እንዳይደረመስ የሚደግፉት መንሹና የጎን ክንዱ ናቸው፤ በጎጆ ቤት ምሰሶና ወጋግራ ተያይዘው ጣራውን እንደሚሸከሙ ሁሉ። የውኃ ተርብ ግን ከዚህ ልማድ ይለያል፤ በእርሱ ዋናዎቹ የመብረሪያ ጡንቻዎች በቀጥታ ከክንፉ ሥር ይታሰራሉ።

የፍጥነቱ ምሥጢር የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው። በ1949 እንግሊዛዊው ጆን ፕሪንግል የዝንብን ጡንቻ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲመዘግብ፣ ክንፉ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ ሲመታ ከነርቭ ወደ ጡንቻው የሚደርሰው ትእዛዝ በጣም ጥቂት መሆኑን አገኘ። ነርቩ ጡንቻውን ዝግጁ ያደርገዋል እንጂ እያንዳንዱን ምት አያዝም። ምቱን የሚጠራው መለጠጡ ነው፤ አንዱ ጡንቻ ሲያጥር ቅርፊቱን ይለምጠዋል፣ የተለመጠው ቅርፊት ተቃራኒውን ጡንቻ ይለጥጠዋል፣ ያም በተራው ይኮማተራል። ስለዚህ አጽሙ ዝም ብሎ የሚሳብ ማሰሪያ ሳይሆን የምቱ ተካፋይ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ትምህርት የሚሰጥ አንድ ታሪክ አለ። በ1952 ቦቲገርና ፈርሽፓን የተባሉ ተመራማሪዎች ዝንቦችን በካርቦን ቴትራክሎራይድ አደንዝዘው ደረታቸውን ሲነኩ፣ ክንፎቹ ከላይኛው ወደ ታችኛው ስፍራ በድንገት ሲዘሉ አዩ፤ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ። ይህ የመዝለል ሐሳብ ለብዙ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ገባ። በ1985 ሚያንና ዩዊንግ ጉዳዩን እንደገና መርምረው ጤናማ ዝንብ በእውነት እንዲህ ይበርራል ወይ ብለው ሞገቱ። መድኃኒቱ ከጎን ክንዱ ወደ መንሹ የሚሄደውን አጭር ጡንቻ አጥብቆ ያኮማትረዋል፤ ደረቱም ከልማዱ በላይ ይገትራል። የፖታሹ ዘዴ ጡንቻውን አጥፍቶ አጽሙን እንዳሳየ ሁሉ፣ ይህም ዘዴ እንቅስቃሴውን ሲያሳይ የእንስሳውን ጠባይ ለውጦ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ አገር የሚቀርበው ምዕራፍ የበረሃ አንበጣ ነው። ዴንማርካዊው ቶርኬል ቫይስ ፎግ የአንበጣን በረራ ለዓመታት ሲያጠና፣ በ1960 በክንፉ መገጣጠሚያ ላይ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ፕሮቲን ማግኘቱን አስታወቀ፤ ሬዚሊን ተባለ። ይህ ፕሮቲን ሲለጠጥ የተቀበለውን ኃይል 97 በመቶ ያህል መልሶ ይሰጣል። አንበጣ በሴኮንድ 20 ጊዜ ያህል ክንፉን እየመታ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው፣ በእያንዳንዱ ምት መጨረሻ ኃይሉን በከንቱ ሳያባክን በመቅረቱም ጭምር ነው። በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የበረሃ አንበጣን በጋራ ለመከላከል ድርጅት ያቋቋሙበትን ስምምነት በአዲስ አበባ ተፈራርመዋል። ከ2019 እስከ 2021 መንጋው አገራችንን ሲወርር፣ ማሽላውንና ጤፉን የበላውን መንጋጋ ሁሉም አይቷል፤ መንጋጋውን ከማሳ ወደ ማሳ ያደረሰው ግን በደረቱ ውስጥ የተሰወረው ይህ ማዕቀፍ ነው።

በመጨረሻም በ2014 የእንግሊዝና የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በስዊዘርላንድ በሚገኝ ኃይለኛ የራጅ ጨረር ምንጭ በመጠቀም፣ በሴኮንድ 150 ጊዜ ያህል ክንፉን የሚመታ ዝንብ እየበረረ ሳለ በደረቱ ውስጥ ያሉትን ጡንቻዎችና የቅርፊቱን እንቅስቃሴ በሦስት አቅጣጫ አሳዩ። ያለ ሰይፍና ያለ ፖታሽ፣ አጽሙና ጡንቻው ሳይለያዩ በአንድነት ሲሠሩ ታዩ። በስኖድግራስ ሥዕል ቆመው የነበሩት ክፍሎች በዚያ ምስል ተንቀሳቀሱ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንወስዳለን? እኔ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛው ስለ ማስተማር ነው። የነፍሳት አጽም በውጭ ነው የሚለውን ትምህርት መሻር አያስፈልግም፤ ከዚያው ቅርፊት ወደ ውስጥ የታጠፈ ክፍል እንዳለው መጨመር ግን ይገባል። ይህ ጭማሪ ከሌለ ተማሪው ንብ እንዴት እንደምትበርር ሊጠይቅ ቢነሣ እንኳ፣ ጡንቻው ምን ላይ ቆሞ እንደሚስብ የሚያስብበት መነሻ አይኖረውም። የአርስጣጣሊስ አንባቢዎች የቆሙት በዚያው ስፍራ ነበር።

ሁለተኛው ስለ ቋንቋችን ነው። ከግሪክና ከላቲን የተወሰዱት እነዚያ ረቂቅ የሚመስሉ ስሞች በመሠረታቸው የገበሬና የመንደር ቃላት ናቸው፤ አጥርና መንሽ ናቸው። በጭንቅላታቸው ውስጥ ያለውም አጽም ድንኳን በሚል የላቲን ቃል ይጠራል። ሦስቱም ቃላት በአማርኛ አሉን፤ የሚያመለክቷቸውን ዕቃዎችም ከማንም በላይ እናውቃቸዋለን። የዓለም አቀፉን ስም መማር ግዴታ ነው፤ እኔም በክፍሌ አስተምረዋለሁ። ከጎኑ ግን መንሽ የሚለውን ቃል የሰማ ተማሪ የመዋቅሩን ቅርጽና ሥራ በአንድ ጊዜ ይረዳል፤ ሁለት ጣት እንዳለው፣ ጭነት እንደሚያነሣ፣ ከታች ቆሞ ወደ ላይ እንደሚደግፍ። ኦዱዋን ከ200 ዓመት በፊት ስም በማውጣት ሌሎች እንዲያዩ አድርጓል። በአማርኛ ይህን ሥራ መጀመር የእናንተ የተማሪዎች ድርሻ ነው።